የስሜን አመዳይና የሚፈላ ውኃ ሒሳብ

በስሜን ተራሮች አናት ላይ አመዳይ ይወርዳልን? ጥያቄው ደባርቅ ገበያ ላይ አንድ ደገኛ በመጠየቅ የሚያልቅ ይመስላል። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ስለዚሁ ነገር የታመኑ ሰዎች በተለያየ ዘመን እርስ በርሱ የሚቃረን ምስክርነት ሰጥተዋል፤ አንዱ አየሁ ሲል ሌላው የለም ብሏል። ክርክሩ መልክ የያዘው የዓይን ምስክሮች በመብዛታቸው ብቻ ሳይሆን ባሮሜትር፣ ቴርሞሜትርና የማዕዘን መለኪያ ወደ ተራራው በመድረሳቸው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ምስክር ድንጋይ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ በቆመ የድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ለትውልድ አቆይቷል። በዚያ ጽሑፍ ከካሌብ በብዙ ዘመን የቀደመ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲቈጥር፣ ከወንዝ ማዶ የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች ይጠቅሳል። ወንዙን ዓባይ ይለዋል፤ የአገሩን አቀማመጥ ለሚያውቅ ግን ተከዜ መሆኑ አያጠራጥርም። ተራሮቹ መውጫቸው አስቸጋሪ፣ ዓመቱን ሙሉ ብርድና ውርጭ የማይለያቸው፣ ሰውም እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት አመዳይ የተሸፈኑ እንደሆኑ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ረዥም ዝምታ አለ። ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ስሜን አመዳይ ሲመሰክር፣ ከእርሱ አንድ መቶ አርባ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ ግን ነገሩን አልተቀበለም። ብሩስ ተራ መንገደኛ አልነበረም። ከምጽዋ ተነሥቶ ከባድ ኳድራንት በጫንቃ እያሸከመና እየተሸከመ፣ በየካቲት 1770 ሊማሊሞን ወጥቶ በዛሬዎቹ ደባርቅና ዳባት አገር አቋርጦ ጎንደር ገባ። በጎንደርም የኬክሮስ ልኬት አድርጓል፤ በየቀኑ የወረደውን ዝናብ እየለካ መዝግቧል። እንዲህ ያለ ልኬት ወዳድ ሰው በስሜን ተራሮች አመዳይ እንዳላየ ጽፎ በ1790 ሲያሳትም፣ ቃሉ ከሎቦ ቃል ይልቅ ክብደት ማግኘቱ አያስደንቅም።

በ1809 እና 1810 ወደ ትግራይ የተጓዘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት በስሜን አናቶች ላይ አመዳይ ማየቱን ከመዘገበ በኋላ፣ ብሩስ ያላየበትንም ምክንያት ሰጥቷል፤ ይኸውም ብሩስ የተራራውን ግርጌ አልፎ ወደ ላይ አልወጣም የሚል ነው። አባባሉ እውነት ነው። የነጋዴው መንገድ ከሊማሊሞ አፋፍ ወደ ዳባት ሲያቀና አናቶቹን በስተምሥራቅ ትቶ ያልፋል። ይሁንና የሶልት ምክንያት ግማሹን ብቻ ያስረዳል፤ ነጭ አናት ከሩቅም ይታያልና። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ብሩስ ያለፈበትን ወር ማስታወስ ያስፈልጋል። ወደዚህ በኋላ እንመለስበታለን።

የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 ክረምቱን በስሜን አሳልፎ ነበር። ሩፔል ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው የዋልያን ሳይንሳዊ ስም በመስጠቱ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚያሳስበን ባሮሜትሩ ነው። በ1841 ደግሞ ፌሬ እና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ራስ ደጀን አናት ላይ ወጡ። ይህ በጽሑፍ የተመዘገበ የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰዎች መውጣት ነው እንጂ የመጀመሪያው መውጣት አይደለም፤ በእነዚያ አፋፎች ከብትና በግ ሲያግድ የኖረ ሕዝብ መንገዱን ከማንም በፊት ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት ማለት ይገባል፤ ከክርክሩ አንዱ ክፍል የቋንቋ ነውና። አማርኛ ሦስት ቃላት አሉት። ውርጭ በጥርት ሌሊት መሬትና ቅጠል ላይ የሚቀመጠው ነው፤ ከሰማይ አይወርድም። በረዶ በተለምዶ ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደው ጠጠር ነው። አመዳይ ደግሞ የላላውና የለሰለሰው ነው፤ መዝሙረ ዳዊት ከባዘቶ ጋር የሚያመሳስለው እርሱን ነው። ነገር ግን በዕለት አነጋገር በረዶ የሚለው ቃል ሦስቱንም ጠቅልሎ ይይዛል። እንግዳው በአስተርጓሚ አፍ «ከላይ በረዶ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አዎን ይባላል፤ «እንደ ባዘቶ ያለ ነው?» ቢል የሚሰማው መልስ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ለሚመለከት ዓይን ደግሞ ሦስቱም ነጭ ናቸው። ስለዚህ ምስክሮቹ ሁሉ እውነት ተናግረው ክርክሩ ግን ሊቀጥል ይችል ነበር።

ፊዚክስ ለዚህ ቀጥተኛ መንገድ አለው። አየር ወደ ላይ ሲወጣ በላዩ ያለው ጫና ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ከራሱ ሙቀት ይከፍላል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። በባሕር ጠለል ላይ የምትገኘው የምጽዋ የዓመት አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ የተራራው አናት ስንት ሜትር እንደሆነ ከታወቀ የቀረው የማባዛትና የመቀነስ ሥራ ነው። ሆኖም በብሩስ ዘመን የስሜንን ከፍታ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የአመዳዩ ጥያቄ ወደ ከፍታ ጥያቄ የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታን በአየር ጫና መለካት የተጀመረው በፈረንሳይ አገር መስከረም 19 ቀን 1648 ነበር። ብሌዝ ፓስካል በጻፈለት መሠረት የእኅቱ ባል ፔሪዬ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፑዪ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጣ፤ ሜርኩሪውም በአናቱ ላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዘዴው የሚያረካ ነው፤ መሣሪያው ግን ለሊማሊሞ ጎዳና የተሠራ አይደለም። ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ በሜርኩሪ የተሞላ የመስተዋት ቱቦ በበቅሎ ጭኖ ያን ገደል መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ዳገቱን በእግሩ የሄደ ሁሉ ይገምተዋል። ስለዚህ የ19ኛው መቶ ዓመት መንገደኞች ከባሮሜትሩ ጋር፣ ወይም እርሱ ሲሰበር በእርሱ ፈንታ፣ ሌላ የማይሰበር ነገር ያዙ፤ የሚፈላ ውኃ።

የዳባትና የደባርቅ ባለሙያዎች ይህን ሕግ ስሙን ሳያውቁት በየቀኑ ይኖሩበታል። በቆላ የተቀቀለ ባቄላ በሰዓቱ ሲበስል፣ በደጋ ያው ባቄላ በዚያው ማሰሮ ይዘገያል። እሳት ቢጨመርበት ውኃው ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ አንድ ዲግሪ አይሞቅም። ምክንያቱም ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ኃይል ከላይ የተጫነውን አየር ሲስተካከል ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በምጽዋ ዳር 100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ዳባት ከ91 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ 2,850 ሜትር ገደማ በሆነችው ደባርቅ በ90 ዲግሪ ተኩል፣ በራስ ደጀን አናት ደግሞ በ85 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ማለት ነው።

ለመሆኑ ደባርቅ ላይ ሆኖ ባቄላውን በባሕር ዳርቻ ሙቀት ለመቀቀል በማሰሮው ክዳን ላይ ምን ያህል ክብደት መጫን ያስፈልጋል? አፉ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እንፋሎት የማያስወጣ ክዳን የገጠመ ማሰሮ እንውሰድ። በደባርቅ የአየሩ ጫና በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው፤ የጎደለው 30 በመቶ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 0.3 ኪሎ ግራም ይሆናል። የማሰሮው አፍ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ሲባዛ 95 ኪሎ ግራም ይወጣል፤ አንድ ኩንታል እህል ለመሆን ጥቂት የቀረው። ይህን ብዙ ሰዎች ሲሰሙት አያምኑትም፤ ግን ሒሳቡን ማንም ሊደግመው ይችላል። በክዳን ላይ አንድ ድንጋይ ማስቀመጥ እንፋሎቱን ከመቈጠብ በቀር ብዙ እንደማይረዳ፣ የግፊት ድስትም ስለምን በጠንካራ ማያያዣ እንደሚዘጋ ከዚሁ ይታያል። በሊማሊሞ ዳገት ራዲያተራቸው የሚፈላባቸው ሾፌሮችም ጠላታቸው ሁለት ነው። ሞተሩ በዳገቱ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ውኃው ደግሞ እየወጡ በሄዱ ቍጥር ለመፍላት ይቸኩላል። የራዲያተሩ ክዳን ጐማ ሲያረጅ መኪናው በቆላ ደኅና ሄዶ ደባርቅ አፋፍ ላይ የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው።

ይህን የወጥ ቤት ሐቅ የልኬት መሣሪያ አድርገው ከተጠቀሙበት ሰዎች መካከል በትጋቱ የሚወዳደረው የሌለ አንትዋን ዳባዲ ነው። በ1810 በደብሊን የተወለደው ይህ ሰው ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምጽዋ ገብቶ፣ እስከ 1848 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በኢትዮጵያ ኖረ። ከየኮረብታው አናት ላይ በትንሽ የማዕዘን መለኪያ ዙሪያውን የሚታዩትን ተራሮች አቅጣጫና ከፍታ እየመዘገበ አገሩን በሦስት ማዕዘን መረብ ሸፈነው፤ ከፍታንም በሚፈላ ውኃ ቴርሞሜትር ለካ። ውጤቱን «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በሚል ርእስ ከ1860 እስከ 1873 አሳተመ። በዚህ ሥራ የሚደነቀው የመሣሪያው ትልቅነት አይደለም፤ መሣሪያው ትንሽ ነበር። ትልቅ የነበረው ስሕተቱን የሚቈጣጠርበት ሒሳብና አንድን ተራራ ከብዙ ቦታ ደጋግሞ የማየት ትዕግሥቱ ነው።

የሚፈላ ውኃ ዘዴ ቀላል ይምሰል እንጂ ብዙ ወጥመድ አለበት። ቴርሞሜትሩ በውኃው ውስጥ ሳይሆን ከላዩ ባለው እንፋሎት ውስጥ መያዝ አለበት፤ ውኃው ጨው ወይም ቆሻሻ ካለበት፣ ዕቃውም በጣም ለስላሳ ከሆነ ውኃው ከሚገባው በላይ ሞቆ ያሳስታል፣ እንፋሎቱ ግን ያን ያህል አያታልልም። ከዚህም ሌላ አየሩ ራሱ በቀን ሁለት ጊዜ እንደ ባሕር ማዕበል ይነሣል ይወድቃል። በእኛ የምድር ክፍል ጫናው ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ በዚህ ብቻ ተራራው ከረፋድ እስከ ማታ ሃያ ሜትር ያህል «የሚያድግ» መስሎ ሊታይ ይችላል።

በማዕዘን መለካትም የራሱ እንቆቅልሽ አለው። የስሜን አናቶች በጥርት ቀን ከአክሱም አካባቢ ይታያሉ፤ ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ተማሪ የማዕዘኑን ታንጀንት በርቀቱ አባዝቶ ከፍታውን አገኘሁ ቢል፣ ውጤቱ 800 ሜትር ለመሆን ጥቂት የጎደለው ስሕተት ይኖርበታል። ምድር ክብ ስለሆነች በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለው ነገር ከተመልካቹ አድማስ በታች 785 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የርቀቱን ካሬ ለምድር ዲያሜትር ማካፈል ይበቃል። አየሩ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ታች ስለሚያጎብጥ ከዚህ ወደ አንድ መቶ ሜትር ያህሉን መልሶ ያነሣዋል። ይህም መጠን ከማለዳ እስከ ቀትር ይለያያል። ተራራ ከሩቅ ሲታይ ማለዳ ከፍ ያለ፣ ቀትር ላይ ዝቅ ያለ መስሎ የሚታየው ዓይን ስለተሳሳተ አይደለም፤ ቴዎዶላይቱም ያንኑ ይመሰክራል።

እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ነገሮች ሲደመሩ የራስ ደጀን ከፍታ ለረዥም ጊዜ ለምን አንድ ቍጥር ላይ እንዳልረጋ ይገባናል። በብዙ ካርታዎችና የትምህርት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ኖሯል፤ ዛሬ በይበልጥ የሚሰጠው 4,533 ሜትር ሲሆን ወደ 4,550 የሚያስጠጉትም አሉ። በሁለቱ የታወቁት ቍጥሮች መካከል ያለው የ87 ሜትር ልዩነት በሚፈላ ውኃ ቴርሞሜትር ላይ ከአንድ ዲግሪ ሢሶ አያልፍም። በድንኳን ውስጥ፣ በነፋስ፣ በቀዘቀዘ እጅ ይህን ማንበብ የነበረባቸውን ሰዎች መውቀስ አይቻልም።

አሁን ወደ አመዳዩ እንመለስ። 4,533 ሜትር በ6.5 ዲግሪ ሲባዛ 29 ዲግሪ ተኩል ይሆናል፤ ከምጽዋ 30 ዲግሪ ላይ ሲቀነስ ግማሽ ዲግሪ ይቀራል። ግምቱ ሻካራ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ግልጽ ነው። የስሜን አናት የቆመው ውኃ ከሚረጋበት ሙቀት ደፍ ላይ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ቢወርድ ዓመቱን ሁሉ ነጭ ይሆን ነበር፣ ጥቂት ከፍ ቢል አመዳይ የሚባል ነገር ባልታየ ነበር። በደፍ ላይ ለቆመ ነገር ደግሞ የዕለቱና የሰዓቱ ሁኔታ ወሳኝ ነው። በዚህ አገር በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው ይበልጣል። ሌሊት የረጋው ቀን ይቀልጣል። የጅብራ ቅጠሎች ሲመሽ ወደ ውስጥ ታጥፈው ለጋውን እምብርት ከውርጭ የሚከላከሉት፣ ሲነጋም የሚዘረጉት ለዚህ ኑሮ ስለተፈጠሩ ነው።

ከዚህ የበለጠው ምክንያት ግን ብርዱና ዝናቡ አለመገናኘታቸው ነው። የከረረው የሌሊት ብርድ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጥርት ሰማይ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚወርድ ነገር የለም። እርጥበቱ በሐምሌና በነሐሴ ሲመጣ ደመናው የምድርን ሙቀት እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ብሩስ ያለፈው በየካቲት ነው፤ ለብርድ ዘግይቶ፣ ለዝናብ ቀድሞ። ሩፔል የቆየው በክረምት ነው። ሁለቱ ሰዎች ያዩትን በትክክል ጽፈዋል፤ የብሩስ ጥፋት ያላየውን ሁሉ የሌለ ማድረጉ ነው፣ ያውም በእጁ ቴርሞሜትር ይዞ።

ደባርቅ ላይ በረዶ በየክረምቱ ሲወርድ አመዳይ ግን የማይወርደውስ ለምንድን ነው? ነፋስና ነጎድጓድ በሚበረታበት ደመና ውስጥ የሚሠራው የበረዶ ጠጠር አንድ ሴንቲ ሜትር ከሞላ በሰከንድ አሥር ሜትር ያህል ይወድቃል። አየሩ ከዜሮ ዲግሪ በላይ መሆን የሚጀምርበት ከፍታ በአካባቢያችን ከ4,800 ሜትር ከፍ ስለሚል፣ ከዚያ እስከ ደባርቅ ያለውን 2,000 ሜትር በሦስት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ያልፈዋል፤ ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። የአመዳይ ቅንጣት ግን በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል እየተንሳፈፈ ስለሚወርድ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ከጥቂት መቶ ሜትር በኋላ ዝናብ ሆኗል። የስሜን አናት ያለው ልክ በእነዚህ ጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ነው።

ጥንት ግን ደፉ ዝቅ ያለ ነበር። የስዊድኑ ተመራማሪ ኤሪክ ኒልሰን በ1940 ባሳተመው ጥናት፣ ከእርሱም በኋላ በ1970ዎቹ በስሜን ብሔራዊ ፓርክ የሠራው ስዊስ ሃንስ ሁርኒ በ1982 በታተመው መጽሐፉ፣ በአናቶቹ አካባቢ የበረዶ ግግር ገፍቶ የከመራቸውን የድንጋይ ክምሮች አስረድተዋል። ይህ ከአክሱም ነገሥታት በብዙ ሺህ ዓመታት የቀደመ ዘመን ስለሆነ የአዱሊሱን ጽሑፍ አያስረዳም። እስከ ጉልበት የሚያሰጥመው አመዳይ ምናልባት ነፋስ በየጉድጓዱ የሰበሰበው የበረዶ ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ወይም ድል ያደረገ ንጉሥ የሠራዊቱን ድካም ከፍ አድርጎ ሲነግር እንጂ ሲያሳንስ አይሰማም።

ለዳባትና ለደባርቅ ገበሬ የአመዳዩ ክርክር ሩቅ ነው፤ በእሸቱ ገብስ ላይ የሚወርደው በረዶ ግን ቅርብ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ ጠጠር የዓመቱን ቀለብ ይዞ ይሄዳል፣ ውርጭም በበኩሉ አበባውን ያቃጥላል። በዝናብ መለኪያ ጣቢያ መዝገብ ላይ ግን ይህ ልዩነት በቀላሉ ይሰወራል። በመለኪያው አፍ የገባው ጠጠር ቀልጦ፣ አመዳይም ቢሆን ቀልጦ፣ ከዝናቡ ጋር በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ ከአፉ ነጥሮ የወጣው ጠጠር ደግሞ ጭራሽ አይቈጠርም። ምን ዓይነት እንደነበረ የሚታወቀው ታዛቢው ከቍጥሩ አጠገብ ባለው ጠባብ ዓምድ ውስጥ አንድ ቃል ከጨመረ ብቻ ነው።